ስምንት ላይ የቆመችው መርፌ

አባቴ ሩቁን አይቶ ቅርቡን የማያይ ሰው ነበር። ከቢቸና ወጣ እንዳልን ማዶ ዳገት ላይ የምትግጥን ፍየል ከነቀለሟ ይለያል፤ ከመሪው ጀርባ፣ ከደረቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን አያያቸውም። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። የሹፌሩ ዓይን ደከመ ከተባለ ጤፉን የሚያስጭነው ነጋዴ አይኖርም፤ መንጃ ፈቃዱንም የሚነጥቁት ይመስለው ነበር። ቤታችን የሚተዳደረው ደግሞ በዚያች አሮጌ የጭነት መኪና ነው። እሷ ከቆመች ወይም እሱ ከቆመ ሌላ ምንም አልነበረንም።

እኔ ጋቢና የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ውዬ ነበር። ቁጥር አነባለሁ፤ ብዙ አልናገርም። አባቴ ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። ለሰው የሚነገረው ሞጣ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ እንደምሄድ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አክስቷን የምትጠይቅ ልጅ እንደሌለች ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ ግን ማንም አልጠየቀንም። ቢጠይቁኝም ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ከመሪው በስተቀኝ አንዲት ክብ ጌጅ አለች፤ የሞተሩን የዘይት ግፊት የምታሳይ፣ ከዜሮ እስከ አስር የተጻፈባት። እኔ መሃል እቀመጣለሁ፤ ነጋዴ አብሮን ሲሄድ እሱ በበሩ በኩል ይሆናል። መርፌዋን አያለሁ፣ ከዚያ ጣቴን አጥፌ የወንበሩን ጠርዝ በአንጓዬ እመታለሁ። አራት ከሆነች አራት ጊዜ፣ አምስት ከሆነች አምስት። አባቴ መንገዱን እያየ ይሰማኛል። ሰው ያየኝ እንደሆነ ልጅቷ መንገዱ ረዝሞባት ወንበር የምትደበድብ ነው የምትመስለው።

የቢቸናን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስኮቱ በውርጭ ይሸፈናል። አባቴ ሞተሩን ሲያስነሳ መርፌዋ ዘልላ ሰባት ወይም ስምንት ላይ ትወጣለች። ጠጠሩን መንገድ ይዘን ስንሄድ ቀስ በቀስ እየወረደች ትመጣና ደብረ ወርቅ ስንደርስ አራት ላይ ትሰክናለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሞጣ ድረስ ብዙም አትነቃነቅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። መንገዱን ሙሉ የማየው እሷን ስለነበር ጠባይዋን ለመድኩት።

አንድ ቀን ግንደወይን መግቢያ ላይ ከብቶች መንገዱን ዘግተውብን ሞተሩ እንደበራ ብዙ ቆምን። ሌላ ጊዜ መኪናዋ ስትቆም ሥራዬ ያለቀ ስለሚመስለኝ ወደ ውጭ ነበር የማየው። የዚያን ቀን ግን ጌጁን አየሁ። መርፌዋ ወርዳ አንድ ተኩል ላይ ተኝታለች። ወንበሩን አንዴ መታሁ፤ ለግማሹ ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ተውኩት። አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ፣ ዘይቱም ቀጥኖ ሳለ መርፌዋ ዝቅ ማለቷ ወጉ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሱ ያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ጌጁን በራሱ ዓይን ካያት ዓመታት አልፈዋል፤ መኪናዋ ባረጀች ቁጥር አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ስለነበር የጠበቀው የመጣ መሰለው።

በማግስቱ ቢቸና ወዳለው መካኒክ ወሰዳት። ግፊት ወረደብኝ አለው፤ መቼ፣ እንዴት ሆኖ የሚለውን አልነገረውም፤ መካኒኩም አልጠየቀም። እኔን የጠየቀኝ ደግሞ የለም። መካኒኩ የአገራችን መካኒኮች ለአሮጌ መኪና የሚያደርጉትን አደረገ። የነበረውን ዘይት አፍስሶ እንደ ማር የሚሳብ ወፍራም ዘይት ሞላ። ከዚያ ከሞተሩ ጎን አንድ ብሎን ፈታ፣ ከውስጡ ትንሽ የሽቦ ሞላ አወጣ፣ ከሞላው ጀርባ የአሥር ሳንቲም የምታህል፣ መሃሏ ቀዳዳ የሆነ ሮንዴላ ከተተና መልሶ አጠበቀው። ይህን ሁሉ የሠራው እያፏጨ ነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ሞተሩ ሲነሳ መርፌዋ ስምንትን አለፈች። መካኒኩ የአባቴን ትከሻ መታ አድርጎ፣ “ድሮ ስትገዛት እንኳ እንዲህ አልነበረችም” አለው። አባቴ ሳቀ። እናቴም ቤት ስንደርስ ሰምታ እሰይ አለች።

እኔ ግን በመጀመሪያው ጉዞ ደብረ ወርቅ ላይ ስምንት ጊዜ መታሁ። ግንደወይን ላይ ስምንት ጊዜ መታሁ። ሞጣ ስንገባ፣ ፀሐይ የመኪናውን ጣራ አግላው፣ አሁንም ስምንት ነበረች። አንጓዬ ቀላ። አባቴ ስምንቱን በሰማ ቁጥር ከንፈሩ ፈገግ ይላል። ብርዱ ሲለቅ መውረድ የነበረባት መርፌ ለምን አትወርድም የሚለው ነገር እንደ እሾህ ሲወጋኝ ዋለ።

ቤት ስንገባ እንደምንም ብዬ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ነበር። “አንቺ ልጅ፣” አለኝ፣ “ሲወርድም ታለቅሻለሽ፣ ሲወጣም ታለቅሻለሽ። የት እንዲቆምልሽ ነው?” አራት ላይ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ጫማውን አንስቼ በሩ ጥግ አስቀመጥኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዋ በምታድርበት ግቢ መሬቱ ላይ ጥቁር ዘይት መታየት ጀመረ። እናቴ አሮጌ ድስት አስቀመጠችበት። አባቴ ዘይት የሚያጣራውን ፊልትሮ በእጁ እያጠበቀ አለፈው። ሲብስ አዲስ ገዛ። አዲሱም ሆዱ እንደ ጠገበ ጥጃ ተነፋ። እኔ በልቤ ግፊት መብዛቱ ነው እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ ግፊቱ ጥሩ ነው፣ የተበላሸው ፊልትሮው ነው ይላል። ሰው ሁሉ ከፍ ያለውን ነገር ጥሩ ነው ብሎ ሲያምን ብቻዬን ሌላ ማሰቤ ራሴን እንድጠራጠር አደረገኝ። በጣም ያበሳጨኝ ግን እሱ አልነበረም። መናገር የምችል ሰው ብሆን ኖሮ የሚለው ነው።

አንድ ቀን መካኒኩ በር ላይ ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ አልፌ ተመልሼ፣ መርፌዋ አልወርድ አለች አልኩት። ከመኪና ሥር ራሱን ብቅ አድርጎ አየኝ። “እታለም፣ ግፊት ቢበዛ የሚገድለው ሰውን ነው። ሞተር ጨው አይከለከልም” አለ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መስዬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ቤት ገብቼ ማሰሮውን አላግባብ አስቀምጬ ሰበርኩት፤ እናቴ ተቆጣች፤ ለእሷም አልተናገርኩም።

ያ ቀን የመጣው መኪናዋ ጢም ብላ ጤፍ በጫነችበት ጊዜ ነው። ነጋዴው አብሮን ነበር። ወፍራም፣ ጨዋታ የማይጠግብ ሰው ነው፤ ከደብረ ወርቅ ጀምሮ እኔን ሲነካካ ነበር። “ይቺ ልጅ ከኩንታሉ በምን ትለያለች? እሱም አይናገር፣ እሷም አትናገር። እሱስ ቢሸጥ ያወጣል” አለ። አባቴ ሳቀለት። እኔ ስምንቴን እመታ ነበር።

ግንደወይንን አልፈን አንድ ዳገት እኩል ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። መርፌዋን አየሁ። ከስምንት ተነስታ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ከዚያ ዜሮ ላይ ወደቀች። ጣቴን አጠፍኩ። ዜሮን እንዴት ይመቷታል? እጄ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የአባቴን ክንድ ይዤ፣ “አጥፋው” አልኩት። ለምን እንኳ ሳይል አጠፋው።

ነጋዴው ደንግጦ ምን ሆነች ሲል አባቴ መኪና ያዞራታል አለው። ሲወርዱ ግን ነገሩ መንገዱ ላይ ነበር። ፊልትሮው ላስቲኩን ተፍቶ ዘይቱ ከኋላችን በጠጠሩ ላይ እንደ ጥቁር ገመድ ተዘርግቷል። ሞተሩ ለጥቂት ሳይነክስ፣ ብረቱ በብረቱ ላይ ሳይጣበቅ ቀረ። አባቴ የድሮውን ላስቲክ ከሳጥን አውጥቶ ገጠመ፣ በጄሪካን የያዝነውን ዘይት ሞላ፣ እያረፍን እየተንፏቀቅን ሞጣ ገባን። ነጋዴው መንገዱን ሙሉ ጨዋታውን ትቶ ሰዓቱን እያየ፣ ለገበያ ካልደረሰ ሌላ መኪና እንደሚፈልግ ሁለት ጊዜ ተናገረ።

ሞጣ ውስጥ አባቴ የሚያከብራቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ትንሽ ነገር ሲያዩ ያደርጉታል፣ ሰው ሲያዩ ያወልቁታል። የሆነውን ሁሉ ሰሙና ፊልትሮ ዝም ብሎ አይፈነዳም አሉ። የራሳቸውን ጌጅ አመጡ፤ ቀጭን ቱቦ ያላት፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ ናት። ሞተሩ ላይ ገጠሟትና አባቴን አስነሳው አሉት። ሁለቱ ጌጆች አንድ ዓይነት ካሉ ግፊቱ እውነት ነው፤ ከተለያዩ አንደኛቸው ትዋሻለች፣ ነገሩ ይኸው ነው አሉ።

አባቴ ብቻውን ጋቢና ገባ። እኔ ወርጄ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጋራዥ ውስጥ ሴት ስትቆም ዓይን ይበዛባታል። ነጋዴው ክንዱን አጣጥፎ ከኮፈኑ አጠገብ ቆሟል። ሞተሩ ተነሳ። ሽማግሌው የራሳቸውን ጌጅ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ያንተዋ ስንት ትላለች?” ብለው ጮኹ።

“አራት” አለ አባቴ።

አራት ላለፉት ዓመታት ስመታለት የኖርኩት ቁጥር ነው። ደህና ሲሆን የሚሆነው እሱ ነው፤ ፊልትሮው ከተጠገነ ወደዚያ የተመለሰች ሳይመስለው አልቀረም።

ሽማግሌው ጌጃቸውን እንደገና አዩ። ነዳጅ ስጠው አሉት። ሰጠው። ሞተሩ አጓራ። “አሁንስ?” አሉት። “አራት ተኩል” አለ፣ ሳያመነታ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። “እንግዲያ ያበደችው የኔዋ ናት። ስምንት ተኩል ትለኛለች። ትናንት ከጠረጴዛ ወድቃ ነበር” አሉና ቱቦውን ለመፍታት ቁልፋቸውን አነሱ። ጠንካራ ላስቲክ ገጥመንለት ይሂድ አሉ። ነጋዴው ተመስገን አለ።

እኔ ከጎማው ላይ ተነስቼ ነበር፤ መቼ እንደተነሳሁ አላስታውስም። ሄጄ በመኪናው መርገጫ ላይ ወጣሁ። በክፍቱ መስኮት ጌጁ ትታየኛለች። ስምንት ተኩል። አባቴ ዞሮ አየኝ። በአንጓዬ በሩን መታሁ፤ ስምንት ጊዜ። በሞተሩ ጩኸት ቆርቆሮው ለእኔም አልተሰማኝም። አባቴ ምን እንደምሠራ ገብቶታል፤ ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። እንደገና መታሁ። ራሱን ነቀነቀ። አልሰማሁም ማለቱ ነበር።

የማስበው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ዝም ካልኩ ቢቸና ሳንመለስ ሞተሩ ይሞታል። ከተናገርኩ አባቴ ከነጋዴው ፊት ይሞታል። ለሁለቱም የምበቃ ሰው አልነበርኩም።

“ስምንት ተኩል ነው” አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ምን አልሽ አሉ። ከዚያ ጮህኩ። “የእርስዎ ጌጅ ልክ ነው። ይቺም ስምንት ተኩል ነው የምትለው። አባዬ አያያትም።”

አባቴ ሞተሩን አጠፋው። እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም፤ ወደ እኔም አላየም። ነጋዴው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ።

“እና እስከ ዛሬ ጤፌን ማን ሲነዳው ነበር?” አለ።

“ዛሬ ባታስቆመው ኖሮ ጤፍህ ዳገት ላይ ነበር” አሉት ሽማግሌው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ውረጂ እስቲ አሉኝ። ጠዋት ስትነሳ ስንት እንደምትል ጠየቁኝ። ስትሞቅ ጠየቁኝ። ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ጠየቁኝ። መቼ እንደተለወጠች ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። የቢቸናው መካኒክ ከሞላው ጀርባ ብረት ሲከት እንዳየሁም ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

ብሎኑን ፈቱት። ሞላው ወጣ፤ ከኋላው ያቺ ሮንዴላ ወጣች። በጨርቅ ጠርገው መዳፌ ላይ አስቀመጧት። ትሞቃለች። ይህ ሞላ የያዘው ነገር በር ነው አሉኝ፤ ዘይቱ ሲበዛ ከፍቶ ትርፉን ወደ ታች የሚመልስ። በሩን በብረት ደገፉት፣ ዘይቱንም አወፈሩት፤ ትርፉ መውጫ ሲያጣ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ወጣ። ጠዋት በብርድ መርፌዋ ብትወጣ አትፍሪ፤ ሞቃ ካልወረደች ግን ፍሪ አሉኝ።

“በእኔ ምክንያት ነው” አልኳቸው። “አንድ ተኩል ስትል ያየሁት እኔ ነኝ።”

“ሞቃ ቆማ አንድ ተኩል?” አሉ። “እሱ ምን በሽታ አለው? ደህና ሞተር ነበር።”

ይህ ያጽናናኛል ብለው ነው የተናገሩት። ደህና ሞተር ነበር። ያ ሁሉ ዘይት፣ የእናቴ ድስት፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ መርፌዋን አንብቤ ትርጉሟን ባለማወቄ ነው የመጣው። በኋላ ትርጉሟን ሳውቅ ደግሞ የሚሰማኝ አልነበረም። የትኛው የበለጠ እንደሚያናድድ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ዘይቱ ተለውጦ ሲያልቅ ሽማግሌው መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለአባቴ ሰጡት። እምቢ አለ። “ሹፌር መነጽር ካደረገ ማን ያስጭነዋል?” አለ ቀስ ብሎ። ሽማግሌው ሩቁን ካየህ መንገዱን አየህ፤ የቅርቡ ዕድሜ ሲገፋ ለሁላችንም የመጣ ነው አሉት። አደረገው። ጌጇን አየ። ረጅም ጊዜ አየ። “ቁጥሮቹ ቀለማቸው የለቀቀ መስሎኝ ነበር” አለ።

ነጋዴው እስቲ ብሎ መነጽሩን ተቀብሎ አደረገው። ከኪሱ የጤፉን ደረሰኝ አውጥቶ ያዘና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ሌላ መኪና የመፈለጉን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሳም። እሱና አባቴ ሁለቱም ሞጣ ገበያ ገብተው ከአንድ መደብ ላይ መነጽር ገዙ።

ስንመለስ መሃል ላይ ተቀምጬ ነበር። መርፌዋ አራት ላይ ነበረች። ጣቴን አጥፌ ወንበሩን ልመታ ስል አባቴ ራሱ፣ “አራት” አለ። ትንሽ ቆይቶ አሁንም፣ “አራት” አለ። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሞጣ ላይ ስለ ተናገርኩት ነገር ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ አልተቆጣም፣ አላመሰገነም።

በሚቀጥለው ጉዞ ልብሴን ለብሼ ስወጣ መነጽሩን አድርጎ ጋቢና ተቀምጧል። አንቺ እረፊ፣ ለእናትሽ አግዢ አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፤ የደከመኝ መስሎታል። ልሂድ ማለት እችል ነበር። መርፌዋን ማየት እንደምወድ፣ ግንደወይን መግቢያ ላይ ቆመን በሰላም አንድ ተኩል ስትል ማየት እንደምፈልግ መናገር እችል ነበር። ሞጣ ላይ የጮኸው ድምፅ ግን አብሮኝ አልተመለሰም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሞተሩን ሲያስነሳ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። መስኮቱን ዝቅ ያደርግና በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየኝ፣ “ሰባት ተኩል” ይለኛል። ስጦታ እንደ መስጠት ነው የሚናገረው። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። የጠዋቱ ቁጥር ብርድ ነው፤ ምንም አይናገርም። ደብረ ወርቅ ሲደርስ ስንት ላይ እንደምትወርድ ግን የሚነግረኝ የለም፤ ማታ ሲገባም አልጠይቀውም።